ገብሱ ውስጥ የጠፋችው ሬዲዮ

ዛሬ ጠዋት ሮቤ ቤቴ ቁርስ ላይ ሳለሁ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ሲናና ካለ አንድ ማሳ «አፈሩ ረጥቧል» የሚል መልእክት ገባ። ሽበት ከጀመረኝ በኋላ እንኳ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ ያ አንድ መልእክት እምቢ ያለኝ ክረምት ትዝ እያለኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የጎባ ልጅ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ሮቤ አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ለሙከራ ጊዜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የአፈር እርጥበት የሚለካ ዘንግ ማሳ ውስጥ ቀብሮ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘች መዳፍ የምታክል ሬዲዮ መትከል ነበር። ሬዲዮዋ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ግን ከሩቅ ትሰማለች፣ ባትሪዋም ለዓመታት ይበቃታል። ወሬዋን ሮቤ መሥሪያ ቤታችን ፎቅ ላይ ያለው መቀበያ ተቀብሎ ወደ ስልኬ ይልከዋል። ሲናና፣ አዴ ሞሚና (እማማ ሞሚና እንደማለት ነው) የሚባሉ ገበሬ ማሳ ላይ፣ መሬቱ ገና ባዶ ሳለ፣ በጉልበቴ ቁመት ተከልኳት። ወዲያው ሠራች። ለአለቃዬም «ይኼማ ቀላል ነው» አልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው።

ዝናቡ ከገባ በኋላ መልእክቱ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። አለቃዬ ቁርጡን ነገረኝ። ቅዳሜ ገበሬዎች ለጉብኝት ይመጣሉ፤ እስከዚያ ካልሠራ መሣሪያው ይነቀላል፣ እኔም አልቀጠርም። አባቴ ደግሞ ጎባ ሱቁ ውስጥ ስኳር የምትመዝንለት ልጅ ከፈለገ ቆይቷል።

ሐሙስ ጠዋት እስከ መንገዱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን እየነጠቀኝ በእግሬ ሄድኩ። አዴ ሞሚና ስድሳን ያለፉ፣ ማሳቸውን ራሳቸው የሚያሠሩ ሴት ናቸው። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» (እንዴት አደርሽ፣ ልጄ) ብለው ጩኮ አቀረቡልኝ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። «ቆይ፣ መጣሁ» ብዬ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ባትሪ ቀየርኩ፣ አንቴና ቀየርኩ፣ ምንም የለም። እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ እንባዬ መጣ።

እሳቸው ከርከሮ የሚጠብቁበት የእንጨት ማማ ላይ ወጥተው ይጣራሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ የት ገባሽ? አላይሽም እኮ።»

«መሣሪያው ጋ ነኝ፣ አዴ።»

«እዚህ ሆኜ አንቺን ካላየሁሽ፣ ሮቤ ያለው መቀበያሽ ያቺን ትንሽ ሬዲዮ በምን ያያታል?»

ብድግ አልኩ። እርጥብ ገብስ ደረቴ ድረስ ውጦኛል፤ በጉልበቴ ቁመት ያለችውን ሬዲዮማ ጭራሽ አፍኗታል። የከተማ ልጅ ባዶ መሬት አይቼ፣ ባዶ ሆኖ ይቀራል ብዬ ኖሯል።

«ስተክላት ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መች ጠየቅሽኝ? የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

ዘንጉን ነቅለን ማማው ሥር ቀበርነው፤ ሬዲዮዋን በረጅም ሽቦ ወደ ላይ አወጣናት። ማማው ጫፍ ላይ በጠፍር ያሰሯት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እዚያው ተቀምጠን ጩኮአችንን እየበላን ጠበቅን። የሮቤ ቆርቆሮዎች በሩቁ ያብረቀርቃሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ዘልዬ አቀፍኳቸው፤ ማማው ተወዛወዘ።

«ቀስ በይ፣ ሁለታችንን አይችልም» አሉ እየሳቁ።

ቅዳሜ ዕለት አለቃዬ በገበሬዎቹ ፊት «ይህን ብልሃት ያመጣችው ልጃችን ናት» አለ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አዴ ሞሚና እንደሆኑ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ። ልቤ ለአፍታ ተፈተነ። ከዚያ «የእሳቸው ብልሃት ነው። እኔማ ገብስ እንደሚያድግም አላሰብኩም» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አለቃዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሰኞ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ጊኒር ወርጄ ስንት ማሳ ላይ ተክያለሁ። ወሬው ግን ሁልጊዜ ይቀድመኛል፤ «ገብስ እንደሚያድግ የማታውቀዋ መጣች» ብለው ይቀበሉኛል። አልቀየማቸውም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ምንም አታውቅም ብለው ስለሚያዝኑልኝ፣ ያልጠየቅኳቸውን ሁሉ ይነግሩኛል።