ዱዓ የተደረገላት ልጅ

ልጅ የሚነጥቅ ሰው ፊቱን ሸፍኖ በጨለማ የሚመጣ ይመስለን ነበር። የኛን ሰፈር የገባው ግን ውዱእ አድርጎ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከሚሴ ላይ ቅሬያችን፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ ሰው ሲቀብር ጀናዛ ለመሸከም የሚቀድመው እሱ ነው። ታዲያ ማን ደላላ ይበለው? «ዓረብ አገር ሥራ የሚያገናኝ ወንድማችን» ነበር የምንለው፤ አፋችንን በቆረጠው! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛው ጅብ በሚያውቁት አገር ነው ያስነጠፈው።

የወንድሜ ልጅ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ በተቆጣቻት ቁጥር እሱ «አንቺኮ ከእኩዮችሽ ትበልጫለሽ፣ ማን ገብቶት» ይላታል። መጀመሪያ ሻርፕ ሰጣት። ቀጥሎ አሮጌ ስልክ፣ «ለእናትሽ እንዳታሳዪ» ከሚል ምክር ጋር። ከዚያ ወዲህ ለእኛ ዝምታ፣ ለስልኩ ሳቅ ሆነ። ዕድሜዋን ስትጠየቅ አሥራ ስምንት እንድትል ያስጠናትም እሱ ነው። እኛ ደግሞ ልጅቷ ኮረዳ ሆነች ብለን አለፍነው።

ወንድሜ ሲሰማ ልጅቷ ዓረብ አገር የምትሄድበት መንገድ ሁሉ ተወጥኖ አልቆ ነበር፤ በባቲ ወደ አፋር በረሃ፣ ከዚያ በጀልባ። ወንድሜ ሲያመነታ ሰውዬው «ወዳጃ ጥሩና ትመረቅ» አለው። እኛ ዘንድ መንገደኛ ያለ ዱዓ አይወጣም። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ጫት ቀረበ፣ ሸኹ መረቁ፣ «አሚን» ተባለ። ሰውዬው የፈለገው ይህንኑ ነበር። በሰፈር ሁሉ ፊት የተመረቀች ልጅ ልቅር ብትል እንደምታፍር ያውቃል። በገዛ ዱዓችን ቆለፈባት።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች።

«አዳዳ፣ ፈራሁ» አለችኝ። የአባቷ እህት ስለሆንኩ አዳዳ ነው የምትለኝ።

«እና ቅሪያ!»

«ዱዓ ተደርጎልኝ? ከቀረሽ እርግማን ይሆንብሻል ብሎኛል።»

ደሜ ፈላ። እጇን ይዤ እየጎተትኩ ሸኹ ቤት ገባሁ፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«ሸኽዬ፣ እርስዎ የመረቁት ልጅቷን ነው ወይስ መንገዱን? ሰባተኛ ክፍል ናትኮ!»

«ያ ረቢ! አሥራ ስምንት ሞልቷታል አይደል እንዴ ያለኝ?» አሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ የለመንነው አላህ እንዲጠብቅሽ ነው። እቤትሽ ከቀረሽ ዱዓው ሰመረ ማለት ነው። ሂጂ፣ ትምህርትሽን ተማሪ።»

ከግቢው ስንወጣ እፎይ ትላለች፣ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ መንገዱ ላይ ቆመች።

«አዳዳ፣ አሁን እሱን ማን ይነግረዋል? ይከፋዋልኮ። ከሱ ሌላ የሚያስብልኝ ሰው የለኝም።»

ይህን ስትለኝ እጇን እንደያዝኩ ነበር።