በሣሩ ላይ የቀሩ የጎማ ቦዮች

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል በረዶው ከስሌተኖች ግቢ ተነሣ። ከሥሩ ብቅ ያለው ግን ሣር ለመባል የማይበቃ ነገር ነበር። አመድማ ሻጋታ በየቦታው ክብ ክብ ሠርቶ ተለጥፏል። የሜዳ አይጦች የብርዱን ወራት ከበረዶው በታች ሲመላለሱ ሥሩን እየጋጡ ጠመዝማዛ መንገድ አውጥተውበታል። መንገድ ዳር ያለው ደግሞ ጠራጊው መኪና በረዶውን፣ ለማቅለጫ መንገድ ላይ ከተበተነው ጨው ጋር ሲከምርበት ስለከረመ ተቃጥሎ እንደ ገለባ ደርቋል። ከሁሉ የባሰው ግቢውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እስከ ቤቱ ደረጃ የደረሰው ጥንድ የጎማ ቦይ ነው። ጥልቅ ነው፤ ውሃ አቁሯል።

ላቮን ስሌተን የባሏን ቦት ጫማ ተጫምታ ደረጃው ላይ ቆመች፤ አየችውና ተመልሳ ልትገባ ፈለገች። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል። በሰሜን ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ድንችና ስንዴ በሚበቅልበት ለጥ ያለ ሜዳ መካከል በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የልጆች ምሳ ስታበስል ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ሣሩ የእሷ ሥራ ሆኖ አያውቅም። የሃርላን ነበር።

ባሏ ሃርላን የእርሻ መኪና ጠጋኝ ነበር። ሲመሽ ከጋራዡ ይመለስና ገና ሳይታጠብ ሣሩን ይዞር ነበር። ጎንበስ ብሎ አንዲት አረም ይነቅላል፤ ሁለት እርምጃ ይሄድና ደግሞ ጎንበስ ይላል። ላቮን በወጥ ቤቱ መስኮት እያየችው ራት እንዲቀዘቅዝ ለምዳ ነበር። በመጋቢት ግን፣ በረዶው መላላት በጀመረበት ሰሞን፣ ቁርስ ላይ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም፤ አንደበቱም ተጎትቷል። ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ጎዳናው በሚያየው ትልቅ መስኮት ሥር አደረጉለት፤ በረዶው ሲነሣም ሣሩን ቀድሞ ያየው እሱ ነው።

«ማነው?» አላት፣ ገና ቦቷን ሳታወልቅ።

«ማን ማነው?»

«ሣሬ ላይ... የነዳው።»

ላቮን ጎንበስ ብላ ቦቷን ማውለቅ ጀመረች። የወደቀበትን ጠዋት እንደማያስታውስ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። እሷም ልታስታውሰው አልፈለገችም።

«የቆሻሻ መኪናው ነው» አለች በመጨረሻ። «በበረዶው ውስጥ መንገዱ ጠፍቶት ይሆናል።»

የሃርላን ግማሽ ፊት ብቻ ነበር የሚቆጣው፤ እሱም በቂ ነበር። «ደደብ» አለ፣ ቃሉን ከየት እንደሆነ ጎትቶ አምጥቶ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ ሃርላን ይጠብቀዋል። ሾፌሩ ዴል የሚባል ጺማም፣ ደስተኛ ሰው ነው። ሃርላን በግራ እጁ ጡጫውን ጨብጦ በመስኮቱ ይነቀንቅበታል፤ ዴል ደግሞ ጥሩምባውን ነፍቶ እጁን ከፍ አድርጎ ያውለበልብለታል። ይሄኔ ሃርላን ይብስበታል። ላቮን ወጥ ቤት ገብታ ግንባሯን ማቀዝቀዣው ላይ ትደግፋለች። መሳቅም ማልቀስም ያምራታል፤ ሁለቱንም ለማድረግ አቅም አልነበራትም።

ቀኗ ገና ሳይነጋጋ ይጀምራል። ታነሣዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ሸሚዙን ቀድማ በማይሠራው እጅ በኩል ታስገባለታለች፣ መድኃኒቱን ትሰጠዋለች፣ ጠንካራውን ምግብ ትፈጭለታለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በመጋገሪያ ሰሃን ድንችና የተፈጨ ሥጋ እያመጡ የቻሉትን ያህል ረድተዋል፤ ሰሃኖቹን ማጠቡና መመለሱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ሣሩ የምትወጣው። ለምን እንደምትወጣ ራሷም በደንብ አታውቅም። ምናልባት እሱ ከመስኮቱ ዞር ስለማይል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ያን የተቦጫጨቀ ግቢ ሲያፈጥበት ማየት ከድካሙ ይልቅ ከበዳት።

መጀመሪያ የሞተውን ሣርና ሻጋታውን በረጅሙ ባለጥርስ መቧጠጫ መቧጠጥ ነበረባት። ሃርላን በጋብቻ ቀለበቱ መስታወቱን ያንኳኳል። ኳ ኳ፣ ቀስ በይ፣ ሥሩን ነቀልሽው። ኳ ኳ ኳ፣ ያን ጥግ ዘለልሽው። ትሰማለች፣ ትዞራለች፣ በጣቱ ያሳያታል። የተቧጠጠውን በእጅ ጋሪ ወደ ጓሮ ስትገፋ ትከሻዋ፣ ያ በትልልቅ ድስት የደከመ ትከሻዋ፣ እሳት ይሆናል። ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። ኳ ኳ።

ከጎዳናው ማዶ የሚኖረው ሜርል፣ የእህል ጎተራ ሠራተኛ የነበረ ሽማግሌ፣ እጁን ኪሱ ከቶ መጣ።

«ላቮን፣ ድንች ልትተክይ ነው እንዴ?»

«አንተን ልቀብርበት ነው።»

«አይ፣ ቦዩ ይጠበኛል። ሆዴን አላየሽውም?» ጎንበስ ብሎ የጎማውን ቦይ አየና ፉጨት አሰማ። «ይሄን በአካፋ? አብደሻል። ትንሿን ትራክተሬን ላምጣና ባንዴ ልደልድልልሽ።»

ከመስኮቱ ኳ ኳ ኳ ኳ። ሃርላን ራሱን በኃይል እየነቀነቀ ነበር።

«አለቃሽ አልፈቀዱም» አለ ሜርል።

«መሬቱ እርጥብ ነው፣ ትራክተር ከገባበት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል ነው የሚለው።»

«ይህን ሁሉ በአራት ኳ?»

«ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩ ይመስልሃል?» አለችና አካፋዋን አነሣች። ሜርል ትንሽ አብሯት ቆፈረ፤ በማግሥቱ ግን የዓሣ ማጥመጃው ወቅት የሚከፈትበት ቀን ስለነበር እንደ ከተማው ወንድ ሁሉ ጀልባውን ጎትቶ ወደ ሐይቁ ሄደ።

ላቮን ብቻዋን ቀረች። የቦዩን ጠርዝ በባለጣቱ መቆፈሪያ እያላላች፣ ጥቁር አፈር በጋሪ እያመጣች ሞላችው። አፈሩ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ ደግሞ ትጨምራለች። ከሰዓት በኋላ ደመናው ወረደና ነፋሱ ቀዘቀዘ። አንደኛውን ቦይ ጨርሳ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ኳ ኳ አለ። ሃርላን መዳፉን ወደ ታች እያደረገ ነው። አሁንም ጎድጉዷል፣ ጨምሪ።

አካፋዋን መሬት ላይ ወረወረችው። ጭቃውን ሳታራግፍ ደረጃውን ወጣች፤ በዚያ ጭቃ ቦት ምንጣፉን አቋርጣ ፊቱ ቆመች።

«አትጨምሪ በለኝ! በቃሽ በለኝ እስቲ አንድ ቀን!»

ሃርላን አፉን ከፈተ።

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። የቆሻሻው ሰው አይደለም፤ ያ ምስኪን ምንም አላደረገህም። አምቡላንስ ነው! አንተን ሊወስድ የመጣ አምቡላንስ! የመኪና መግቢያችንን ጠራጊው የከመረው በረዶ ዘግቶት ነበር። ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆመ። የበሽተኛውን አልጋ በእጃችን እንግፋ፣ ሣሩ ላይ ከገባን እንሰምጣለን አለ። እኔ በሌሊት ልብሴ ወጥቼ በሁለት እጄ እየጠራሁት ንዳበት አልኩት። ንዳበት፣ ሣሩን ተወው፣ ንዳበት! ጮህኩበት። እኔ ነኝ። ገባህ? እኔ ነኝ ሣርህን ያረስኩት።»

ሃርላን ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ቦዮቹን ከመንገዱ እስከ ደረጃው በዓይኑ ተከተላቸው፣ ከዚያም እንደገና ከደረጃው እስከ መንገዱ።

«አንቺ?» አለ።

«እኔ።»

«በሌሊት... ልብስ?»

«በዚያ አበባ ባለው። በባዶ እግሬ ነበርኩ።»

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቮን ደነገጠች፤ ያ ነገር ተመልሶ የመጣበት መሰላት። አጠገቡ ተንበርክካ ፊቱን ስታይ እየሳቀ ነበር፣ በሚሠራው ግማሽ አፉ። ከዚያ ሳቁ ተለወጠና አለቀሰ። ከታመመ ጀምሮ እንባው ቅርብ ሆኖ ነበር፤ ይህኛው ግን ከበሽታው እንዳልሆነ አወቀች። ጭቃ በጠጣው እጅጌዋ ፊቱን ጠረገችለትና አባሰችው፤ ጉንጩ ጠቆረ።

ብዙ ቆይቶ «ዴል» አለ።

«ምን ሆነ ዴል?»

«ሐሙስ... አውጪኝ።»

ሐሙስ ወንበሩን እየገፋች እስከ መንገዱ ዳር አወጣችው። ዴል መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ጓንቱን አወለቀ።

«አቶ ስሌተን! ጎሽ፣ ከቤት ወጡ!»

«ይቅርታ» አለ ሃርላን። ቃሉን ጠዋቱን ሙሉ ሲለማመደው ነበር።

ዴል ላቮንን አየ። «ለምኑ?»

«ለጡጫው» አለች ላቮን።

«ጡጫ? እኔማ አይዞህ፣ በርታ የሚሉኝ መስሎኝ። ለሚስቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ፤ ታሞ እንኳ የሚያበረታታኝ ሰው አለ ብዬ።»

ሃርላን ላቮንን አየ፤ ላቮን ሰማዩን አየች። ዴል የሃርላንን ግራ እጅ ጨብጦ ተሰናብቶት ሄደ።

ይህ ሥራውን አላቀለላትም። ሁለተኛው ቦይ ገና አልተሞላም ነበር። ዘሩን የመዝራቱ ቀን ሲደርስ ሃርላን እኔም ልውጣ አለ። ወንበሩን ተሞልቶ በተስተካከለው አፈር አጠገብ አቆመችለት፣ ባልዲውንም ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። በግራ እጁ እየዘገነ በተነ። ቀኝ እጁ ሲሠራ እንዴት እንደሚዘራ ታስታውሳለች፤ እንደ ጭጋግ ነበር የሚወርድለት። አሁን አንዳንዱ ጫማው ላይ ወደቀ፣ አንዳንዱ አንድ ቦታ ተከመረ፣ ሌላው ቦታ ባዶውን ቀረ። ባየው ቁጥር ፊቱ ጨለመ። ላቮን በመቧጠጫው ጀርባ ልታሰራጨው ሞከረች፤ ከዚያ ደከማትና ተወችው። ላዩ ላይ ጭድ በትና ውሃ አጠጣች።

በሦስተኛው ቀን ዶፍ ወረደና ግማሹን ዘር አጥቦ ወሰደ። ደግመው ዘሩ። ቀጥሎ ሙቀት መጣ፤ ገና ግንቦት ሳያልቅ ከደረቁ ሜዳዎች የሚነሣ ነፋስ አፈሩን አሰነጠቀው። ጠዋትና ማታ የውሃውን ጎማ ጎትታ ማጠጣት ነበረባት። አንዳንድ ቀን አጠጣች። አንዳንድ ቀን እሱን አስተኝታ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች እዚያው ይነጋባታል፤ ሣሩም ሳይጠጣ ያድራል። ሃርላን ያያል፤ ግን በቀለበቱ መስታወቱን ማንኳኳት ትቶ ነበር። አንድ ሁለቴ እጁ ተነሥቶ መልሶ ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው አይታዋለች።

ሰኔ ሲገባ የወጣው ነገር የሚያኮራ አልነበረም። ዘሩ የተከመረበት እንደ ብሩሽ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፤ ሌላው ሳስቶ አፈሩ ይታይበታል። ሻጋታው የነበረበት ራሱን አገግሞ አረንጓዴ ሆነ። መንገድ ዳር ያለው ጨው የበላው ግን ሞቶ ቀረ፤ አረም ብቻ ወረሰው።

«በመስከረም... ገልብጠን...» ብሎ ጀመረ ሃርላን።

«አይሆንም።»

ቀና ብሎ አያት።

«ያን ዳር አልነካውም፣ ሃርላን። እንደዚያው ይኑር። በመስከረም እተኛለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ያቺ ሆስፒታሉ ልላክላችሁ ያለን የነርስ ረዳት ትምጣ ብያለሁ፤ ገላህን ታጥብህ። እኔ ብቻዬን አልችልም። አልቻልኩም።»

እስከዚያ ቀን አልቻልኩም የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሃርላን ስለ ረዳቷ ደጋግሞ እምቢ ብሎ ነበር፤ ባዳ ሰው አይነካኝም ብሎ። አሁን ወደ መንገዱ ዳር ብዙ አየ።

«እጇ... ቀዝቃዛ እንዳይሆን» አለ።

በዚያው ሳምንት ላቮን የሣር ማጨጃውን መኪና ከጋራዥ አወጣች። ገመዱን ስንቴ ስባ እምቢ ብሏት፣ ሜርል መጥቶ አስነሣላት። የመጀመሪያውን አጨዳ አጨደች። መስመሩ ጠማማ ነበር፤ የሳሳውን ቦታ ፈርታ ዘለለችው፣ አንድ ቦታም ምላጩ አፈር ልጦ አነሣ። ስትገባ ሃርላን ግራ እጁን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ መስመሯ የሰካራም መንገድ እንደሚመስል አሳያት። «አንተ ና እና እጨደው» አለችውና ቦቷን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ለትንሽ ጊዜ ብላ ነበር።

ሃርላን ራት ሰዓቱ ሲያልፍ አየ። አልጠራትም። ወንበሩን በግራ እግሩ እየገፋ፣ ከበሩ መቃን ጋር እየተጋጨ ወጥ ቤት ገባ፤ የብስኩት ካርቶን ከመደርደሪያው ጫፍ ጎትቶ ጣለና ፍርፋሪውን ከጭኑ ላይ እየለቀመ በላ። እሷ ጣቶቿ በሣር ጭማቂ አረንጓዴ እንደሆኑ፣ አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር።