የጋሽ ወድቋል የመጨረሻ መኪና

የእህቴን ባል ሾፌሮች ሁሉ «ጋሽ ወድቋል» ነበር የሚሏቸው። ሃያ ስምንት ዓመት የተሽከርካሪ መርማሪ ሆነው ሠርተዋል። መኪና ሁሉ በዓመት አንዴ እሳቸው ፊት ይቀርባል፤ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ መሪውና ጎማው ይታያል። ካለፈ የዓመቱ ወረቀት መስታወቱ ላይ ይለጠፍለታል። ካላለፈ ጋሼ «ወድቋል» ይሉና እስክሪብቷቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ይሰካሉ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አማላጅ ቢላክ፣ እንባ ቢፈስ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሹፌሩን ቀና ብለው ያዩትና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል፤ «ቤትዎ የሚጠብቅዎ ሰው የለም?» ጎረምሳም ሆነ ሽማግሌ፣ ሰውን የሚጥሉት በ«እርስዎ» ነበር።

እኔ ራሴ ቂም ይዤባቸዋለሁ። ለሠርጌ የተዘጋጀችውን መኪና በዋዜማው በአንድ የኋላ መብራት ምክንያት ጣሏትና በዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሄጄ ተሞሸርኩ። ቬሎዬ ዱቄት በዱቄት ሆነ። ነጭ በነጭ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን እያስነጠስኩ ነው የተዳርኩት።

እኚህ ሰው ዛሬ የበኩር ልጃቸውን ስም አያውቁትም። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው አራት ዓመት ሆነ። እህቴን አንዳንዴ «እማ» ይሏታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሏትም። በስሟ ከጠሯት ዘጠኝ ወር አልፏል። እህቴ ትቆጥራለች።

በሳምንት ሦስት ቀን ከተማውን አቋርጣ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ወደሚውሉበት ማዋያ ትወስዳቸዋለች። እሳቸው እዚያ ሲውሉ ነው እሷ ትንሽ የምትተኛው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ጀርባዋን የምታሳርፈው። በታክሲ እንዳትወስዳቸው፣ ጋሼ ፍሬን ሲንጫጫ በሰሙ ቁጥር «አቁም! ወደ ዳር አውጣ!» እያሉ የሾፌሩን መሪ ይይዛሉ። ባለታክሲዎቹ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አውርደውናል፤ አልፈርድባቸውም። በገዛ አሮጌ ሰማያዊ መኪናቸው ግን ከእህቴ ጎን ተቀምጠው ጭጭ ይላሉ። ያቺ መኪና ከሌለች ማዋያው የለም።

ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና ሥራ አያልቅባቸውም፣ ተቀምጠው ወስነዋል። «መኪናዋ እስከሠራች ድረስ አባባ ከአንቺ ጋር ይሁን፤ የቆመች ቀን ግን መጦሪያ ይገባል» አሏት። መጦሪያው በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። አልጋ ተገኝቷል። አልጋው የሚጠብቃቸው እስከ ሰኞ ነው፤ እስከዚያ መኪናዋ ከቆመች ይሄዳሉ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት አንድ ትራፊክ ፖሊስ እህቴን አስቆመና መስታወቷ ላይ ያለውን የዓመት ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ዓርብ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ባገኛት ታርጋዋን እፈታለሁ» አላት። እስከ አምና ትንሹ ልጅ ነበር የሚያስመረምርላት፤ ዘንድሮ ስልኩን አላነሣም። ሐሙስ ጋራዥ አስገብታ የፍሬን ሸራዋን አስቀየረች። ዓርብ ጠዋት ሦስታችን ወጣን፤ እህቴ መሪ ላይ፣ ጋሼ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ የጋሼን ኮት ከጀርባ ጨምድጄ።

የት እንደምንሄድ አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ ልጠይቅ? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምሳ ዕቃ ይዛ የተመላለሰችበት የምርመራ ጣቢያ በር ነው። ደረስን፤ በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት እስከ ጣሪያ ተቆልሏል።

«ከተነሣ ስምንት ወሩ ነው» አለን ዘበኛው።

«ወዴት?» አለች እህቴ።

«እሱን እንኳ እንጃ፣ እናቴ። እኔ የሲሚንቶው ነኝ።»

የመርማሪ ሚስት ሆኖ «መኪና የሚመረመረው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ የቄስ ሚስት ቤተ ክርስቲያን ጠፋኝ እንደማለት ነው። እህቴ አፈረች። በአንድ ጠዋት ግን ዕፍረቷ አለቀ። ጎማ ጠጋኙን ጠየቅን፤ ወደ ላይ አለን። ነዳጅ ቀጂዋን ጠየቅን፤ ወደ ታች አለችን። አንድ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ በልበ ሙሉነት መንገዱን አንድ በአንድ ዘርዝረው ነገሩንና ሄደን ሄደን መቃብር ቦታ ደረስን። «ሰውየው የነገሩን ስለ ራሳቸው መንገድ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

አምስት ሰዓት ላይ የምርመራ ጣቢያ የሚል ሰሌዳ አየንና እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ገብተን ተሰለፍን። የሚያስተናግደው ሰው በመኪናችን ዙሪያ አንዴ ዞረና፣ «ይሄ ለከባድ ተሽከርካሪ ብቻ ነው፣ እናቴ። የትንንሾቹ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ነው። ቶሎ በሉ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አዲስ መኪና አያስገቡም» አለ።

እህቴ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች።

«በቃኝ። ይውሰዱት። አቃተኝ» አለች።

«ተነሺ እትዬ! ከኋላችን ያለው ሰውዬ ክላክስ እየነፋ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። የምለው ሌላ ነገር ቢኖረኝ እሱን እላት ነበር።

ከእህል መጋዘኑ ጀርባ የደረስነው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከፊታችን ሃያ የሚሆን መኪና ተሰልፏል። ግድግዳው ላይ ደንቡ በረጅም ወረቀት ተለጥፏል፤ ፊደሉ ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተቀዳ ይመስል ደቃቅ ነው። ወርጄ በስልኬ አነሣሁትና ተመልሼ ለእህቴ ማንበብ ጀመርኩ። ምን ምን እንደሚታይ እሷም እኔም አናውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ያንን የሚያውቅ ሰው ስለነበር ማወቅ አላስፈለገንም።

«ቁጥር አንድ፤ የባለቤትነት ደብተርና የመድን ወረቀት። ቁጥር ሁለት፤ የሻንሲው ቁጥር...»

«...ከደብተሩ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ አይስተናገድም» አሉ ጋሼ።

ሁለታችንም ዞረን አየናቸው። ጠዋት ጫማቸውን የት እንደሚያጠልቁ ግራ የገባቸው ሰውዬ ናቸው።

«ቁጥር ሦስት፤ ጎማ...» አልኩ ቀስ ብዬ፣ ወፍ እንዳላበርር።

«ጥርሱ ያለቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ጎማ ወድቋል። ቁጥር አራት፤ ፍሬቻ በደቂቃ ከስድሳ ያላነሰ ይብለጨለጭ።» ፍሬቻው እንዲበራ በእጃቸው አመለከቱ። እህቴ አበራችው። ጋሼ ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀኙ ፈጠነ። አንዱ አምፖል ተቃጥሏል።»

ወርጄ አየሁ፤ እውነትም የኋላው ተቃጥሏል። ማዶ ካለው ሱቅ አምፖል ገዝቼ በሩጫ ተመለስኩ። የአደጋ ጊዜ ሦስት ማዕዘናችን እግር የሌለው መሆኑን እሳቸው ነገሩን፤ ከፊታችን ካለችው ሴት ተዋስን። የመስታወት መጥረጊያው ላስቲክ መላጡን እሳቸው አዩት። እህቴ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። «ሁሉም አለ እኮ! ውስጡ ሁሉም አለ!» ትላለች። እኔም ለሠርጌ የያዝኩትን ቂም በልቤ ይቅር አልኩ።

«ቁጥር አሥራ አንድ፤ የእጅ ፍሬን።»

«ዳገት ላይ፣ ማርሽ ዜሮ ሆኖ፣ እግር ተነሥቶ፣ ተሽከርካሪውን ብቻውን መያዝ አለበት» አሉ ጋሼ።

እህቴና እኔ በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። እሷ ያንን ፍሬን ስባ አታውቅም። መኪናዋን ስታቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ ታደርጋለች፤ ድንጋዩ ከወንበሯ ሥር ይኖራል። ሳበችው፤ እስከ ጣሪያ መጣላት። ጋራዡም ቢሆን ሸራ ቀይር የተባለውን ቀይሮ ሌላውን አልነካም።

ከሰልፉ ዳር ሾፌሮችን የሚያገለግል አንድ መካኒክ ነበር። ከመኪናዋ ሥር ገባና ወጣ። «ገመዱ ረግቧል፣ እናቴ። አዲስ ገመድ ሰኞ ነው የሚገኘው።»

«ሰኞ አይሆንም።» አለች እህቴ። «ወንድሜ፣ እባክህ። ሰኞ አይሆንም።»

መካኒኩ ዙሪያውን ቃኝቶ በመስኮቱ አጎነበሰ። «ዳገቱ ላይ የእጅ ፍሬኑን ስትስቢ እግርሽን በቀስታ የእግር ፍሬኑ ላይ ተይው። ብዙ አትርገጪ፤ አሳርፊው ብቻ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ከዘጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሩን አለፍን። መርማሪው መነጽር ያደረገ ወፈር ያለ ጎልማሳ ነው። ደብተሩን ሊቀበል ሲያጎነብስ ጋሼን አየ።

«የኔታ?» አለ። ወረቀቱ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «የኔታ፣ እኔ ነኝ እኮ! ፍሬን መለካት ያስተማሩኝ!»

ጋሼ እንደ መስኮት መስታወት አሳልፈው አዩት። መርማሪው ወደ እህቴ ዞረ፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ገባው። በደንቡ መኪና ውስጥ ከነጂው በቀር ሰው አይቀርም፤ ጋሼ ግን አልወርድ አሉ፣ እሱም «ይሁን፣ ይቀመጡ» አለ፤ እኔም ኮታቸውን እንደያዝኩ ከኋላ ቀረሁ።

መብራት አለፈች። ጎማ አለፈች። መሪ አለፈች። ፍሬን መለኪያው ላይ ወጥታ አራቱም እግሯ አለፈ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውን ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ዳገቷ። ሦስት ሜትር የማትሞላ የሲሚንቶ ዳገት ናት። እህቴ ወጣች፣ ማርሹን ዜሮ አደረገች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። መኪናዋ ቆመች። ዞር ብዬ በኋላ መስታወት ሳይ ከኋላችን ያለው ነጭ ግድግዳ ቀልቷል፤ የእግር ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው መብራት ነው። መርማሪው ያንን ግድግዳ አየ። ማየቱን አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ጀመረ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲሁ ሽቅብ እያየ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳረፈ።

«እግርዎን ያንሱ።»

ድምፁን ለአራት ዓመት አልሰማሁትም ነበር። ደረቅ፣ የተስተካከለ፣ የድሮው ድምፅ ነው። ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የእህቴን እግር እያዩ ነው።

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። ፊቷ በርቷል። «መጣህ?» አለቻቸው። እግሯን አነሣች። ለምን እንዳነሣች በኋላ ስጠይቃት «ሲያዘኝ ደስ አለኝ» ነው ያለችኝ።

መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። መርማሪው ዘሎ ወደ ጎን ሆነ። እህቴ ለግድግዳው ሁለት ክንድ ሲቀራት ፍሬኑን ረገጠች።

«የኔታ፣ ግድ የለም፤ እኔ አሳልፌያታለሁ» አለ መርማሪው፣ በመስኮቱ እየተለማመጠ። «ለእርስዎ እኮ ነው። እባክዎ...»

ጋሼ በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው እስክሪብቶውን ከጣቱ ላይ ወሰዱ። ደረት ኪሳቸው ላይ ሰኩት።

«ወድቋል» አሉ።

እኔ ከኋላ ኮታቸውን ጨምድጄ አለቀስኩ፤ ጮኼም ተሳድቤያለሁ፤ የተናገርኩትን አልጽፈውም። እህቴ ግን አላለቀሰችም። አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ በስማቸው ጠራቻቸው። እሳቸው በዚያ በድሮው ፊታቸው ቀና ብለው አዩዋት። አርባ ዓመት «አንቺ» ያሏትን ሴት እንደ ማንኛዋም ባለመኪና አዩዋት።

«እሜቴ፣ ቤትዎ የሚጠብቅዎ ሰው የለም?»

«አለ» አለች እህቴ።

«ማን አለ?»

«ባለቤቴ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግነት ነበረበት፤ እሱን መደበቅ አልችልም። «እንግዲያው ለእሳቸው ሲሉ ያሠሩት። ሰኞ ይምጡ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።»

እህቴ ኮታቸው ላይ የተጣመመውን ቁልፍ አስተካከለችላቸው።

«እሺ» አለች። «ሰኞ እመጣለሁ።»