ለሰላጣችን ብለን ቃሊቲ ወረድን

ጠዋት፣ ከቀጨኔ

ማክሰኞ ማለዳ ከጎረቤቴ ከእትዬ ተዋበች ጋር ከቀጨኔ ተነሳን። ጉዳያችን የሰላጣ ነው። ማኅበራችን ወንዝ ዳር አትክልት ያለማል፤ ውኃው ሲመረመር የወስፋት እንቁላል ተገኘበትና ሽያጩ ታገደ። ውኃውን የምናሳርፍባቸው ኩሬዎች ብንቆፍርም እንቁላሉ አልጠፋም። እትዬ ተዋበች የሚተዳደሩት በዚሁ አትክልት ነው። የልጅ ልጃቸውም ሆዷ በወስፋት ተነፍቶ ከርማለች። «ከገዛ ሰላጣዬ ይሆን?» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። ቃሊቲ የከተማው ፍሳሽ በኩሬ እንደሚጣራ ሰማንና እስቲ አይተን እንምጣ አልን።

መንገድ ላይ

አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ፒያሳ ወርደን ሌላ ያዝን። ሳሪስን አልፈን ሜዳው ሲገለጥ ሽታው ቀድሞ ተቀበለን። እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ቁርሴን ሳልበላ የመጣሁት ለዚህ ነው እንዴ!» አሉ።

ኩሬዎቹ ዘንድ

የመጨረሻው ኩሬ ግን አይሸትም፤ እንዲያውም ዳክዬ ይዋኝበታል! የሥፍራው ባለሙያ ወይዘሪት አልማዝ እየዞረች አሳየችን። ውኃው ከኩሬ ወደ ኩሬ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሲረጋ እንቁላሉ ከሥር ይዘቅጣል።

«እናንተስ እንዴት ነው የምትቀዱት?» አለችን።

«አማስለን ነዋ ልጄ!» አሉ እትዬ ኮራ ብለው። «ስቡ ያለው ከሥር ነው፤ ለሰላጣው ፍቱን ነው።»

ባለሙያዋ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «እማማ፣ እንቁላሉ የተኛው እኮ እዚያ ነው! መልሳችሁ ሰላጣው ላይ ታፈስሱታላችሁ።»

እትዬ «ወይኔ ልጄን!» ብለው መሬት ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት። ወይዘሪት አልማዝም አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «አይዞዎት። ኩሬውስ ደህና ነው። ሳትነኩት እንዲረጋ ተዉትና ከላይ ቅዱ፣ በቃ» አለቻቸው።

ወደ ቤት

ማታ ስንደርስ አባሎቻችን ባልዲና ማማሰያ ይዘው ኩሬው ዳር ቆመዋል። «እንዳትነኩት!» ብለው እትዬ የጮኹት ጩኸት ቀጨኔን ያናወጠ ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ ዝቃጩን የነካ ወዮለት! ውኃው ከላይ የሚፈስበት ቱቦም ገጠምን።

እኔ ሥራ ማለት መታገል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ውኃን ዝም ብሎ መተውም ሥራ ኖሯል።

ከሳምንታት በኋላ ውኃው እንደገና ተመረመረ፤ እንቁላል አልተገኘበትም። ሽያጩ ተፈቀደ፣ ነጋዴዎችም በጠዋት መጡ። እትዬ ግን የመጀመሪያውን ሰላጣ አልሸጡም። አጥበው፣ ከትፈው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ለልጅ ልጃቸው አጎረሷት።

«ብዪ እናቴ» አሉ እያለቀሱ፣ «አሁንስ ብዪ።»