ፍሬኗ በግራ የሆነ ሞተር

ባለቤቴ በሞተበት እሑድ ሞተሯ ደህና ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሌላ ስለተወራ ነው።

ሰፈሩ «እንግሊዟ» ይላታል። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ባለቤቴ ከአባቱ ወርሷት ወልድያ ከቤታችን በረንዳ ላይ ሸራ ለብሳ ትቆም ነበር። የዛሬ ሞተሮች ማርሻቸው በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬናቸው በቀኝ ነው። የእሷ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማርሿ በቀኝ፣ ፍሬኗ በግራ። የማርሹ መርገጫ ወደ ታች ሲረገጥ ማርሽ ይጨምራል፣ ወደ ላይ ሲሳብ ይቀንሳል። እሱ ሞተር መንዳት የለመደው በእሷ ስለሆነ ለረጅም ዘመን ምንም አልተቸገረም።

የከብት ሐኪም ነበር፤ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ይከትባል። ባለፈው ዓመት ለሥራው አዲስ ሞተር ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ቀን በአዲሱ፣ እሑድ በእንግሊዟ ሆነ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ምሳ ስንበላ ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ጫን ሲያደርግ አየሁ።

«ምንድን ነው የምትረግጠው?»

«ፍሬን» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን አልሳቅሁም።

እንግሊዟን የሚያውቅ መካኒክ የቀረው መርሳ ከተማ ብቻ ነው፤ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከኋላ ተፈናጥጬ ወደ እሳቸው እንሄዳለን። እሳቸው ሞተሯን ሲያስተካክሉ ጀርባቸውን ይሰጧታል። «ፊቷን ካየሁ ታታልለኛለች» ይላሉ። ባለቤቴ የካርቡራተሩን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ጥቂት ያዞራል፤ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ያዳምጣሉ።

«ጨምር። ኧረ በዛ! ይህን ሁሉ ዘመን ወሎ ኖራ ዛሬም አማርኛ አልገባትም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ይማሩላታ።»

«በስተርጅና? ሚስትህ ትስማልኝ። አንቺ፣ ምን ትላለች?»

እንዲህ እያሉ ጆሮ አወጡልኝ። ቤንዚን ሲበዛባት ድምጿ ይወፍራል፣ ይንተባተባል። ማርሽ ሲጨመርላት ረገብ ትላለች፤ ሲቀነስባት ትጮኻለች። ከኋላ ሆኜ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ በስንተኛ ማርሽ እንደምንሄድ አውቅ ነበር።

ያን እሑድ ከመካኒኩ በር ስንደርስ አልቆመም። በቀኝ እግሩ ረገጠ፤ ሞተሯ ወደፊት ተንደርድራ የቆርቆሮውን በር ገጨችና ጠፋች።

«ፍሬኑ ላልቷል እንዴ?» አሉ መካኒኩ።

«አይ ጋሼ፣ እግሬ ነው። አዲሱ አበላሸኝ።»

ለማንኛውም ብለው ፍሬኑን አጠበቁለት። ካጠበቁ በኋላም አልተነሡም፤ በጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ ቁጢጥ እንዳሉ ቆዩ።

«ሁለት ሚስት ያለው ሰው ስም ይሳሳታል» አሉ። «እኔ ደርሶብኛል፤ ሁለት ቀን ተኮርፌ ፆሜን አደርኩ። አንተ ግን የምትሳሳተው እግር ነው። ወላሂ፣ አንዷን ፍታ።»

«አሮጊቷንማ አልፈታም» አላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ወደ ወልድያ ስንመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከአንድ ድልድይ በላይ ባለው ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ እየወረድን ነበር። ከታች አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ተደርድሯል፤ ከቅጠሉ ቀጥሎ የተበላሸ የጭነት መኪና ቆሟል። እሱም አየው፤ ትከሻው ሲጠነክር ተሰማኝ። ቀኝ እግሩ ወረደ። የፍሬን ሲጥታ ጠበቅሁ። የሰማሁት ግን ረገብ ስትል ነው። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ረገበች። የእጅ ፍሬኗ ድሮም ደካማ ነው። «በግራ!» ብዬ ጮኼ ይሆናል፤ መጮሄን እርግጠኛ አይደለሁም።

እኔ ክንዴ ተሰብሮ ከመንገዱ ዳር ማሽላ ውስጥ ተገኘሁ። እሱ ከመኪናው ሥር።

ለቅሶው ሳያልቅ ወሬው ደረሰ። «ፍሬኑን ጠዋት ነካክቶ ከሰዓት ገደለው» ተባለ። የመካኒኩ በር ላይ ሞተር መቆም ቀረ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም «የወንድሜ ደም ሜዳ ላይ አይቀርም» ሲል ሰማሁት። ሁለት ጊዜ ወደ መርሳ ሄዶ ተመለሰ፤ ለምን እንደሄደ የጠየቀው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። አማቴ እኔን ሊያስታምሙ ፍራሻቸውን ከክፍሌ አንጥፈው ነበር፤ ክንዴን የሚያሹልኝ፣ ፀጉሬን የሚጎነጉኑልኝ እሳቸው ናቸው። ልጅዎን የገዛ እግሩ ነው የወሰደው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ዛሬ ነገ ስል ሰነበትሁ። ሦስተኛውን ጉዞ ግን ፈራሁት።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች በግቢያችን ተቀመጡ፤ ቄሱም ሸኹም ነበሩ። መካኒኩ ተጠየቁ።

«ፍሬኑን አጥብቄያለሁ። ሌላውን አሏህ ያውቃል» አሉና መሬት መሬት አዩ።

ስለተገጨው በር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። «አንዷን ፍታ» ብለው መምከራቸውንም አላነሡም። ሟቹን በእናቱ ፊት ላለማሳጣት ብለው የራሳቸውን አንገት እየሰጡ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ተነሣሁ።

«ፍሬኑን አልረገጠውም። የረገጠው ማርሹን ነው፤ ሁለት ጊዜ። ሰምቻለሁ።»

«ሴት ስለ ማርሽ ምን ታውቃለች?» አለ ወንድሙ።

«ሞተሯ ያችውልህ። ሁለተኛ ላይ ነበርን። ከዚያ ቀን ወዲህ ማርሿን የነካ የለም። አራተኛ ላይ ካላገኘሃት ውሸታም በለኝ።»

ከአጥሩ ሥር ወደተጋደመችው ሞተር ሄደ። በርከክ ብሎ በአንድ እጁ ጎማዋን እያወዛወዘ በሌላው የማርሹን መርገጫ ወደ ላይ ሳበ። ቀጭ አለ። ደግሞ ሳበ። ሦስት ጊዜ ቀጭ ብሎ አንደኛ ላይ ደረሰና ከዚያ በላይ እምቢ አለው፤ አራተኛ ላይ ነበረች። ሲመለስ ሽማግሌዎቹን አልፎ መካኒኩ እግር ሥር ወደቀ። መካኒኩ ትከሻውን ይዘው አነሡት።

«እንግዲህ ልጄ ራሱን ገደለ ነው የምትዪው?» አሉ አማቴ።

እንግዶቹ ሲወጡ አማቴ ፍራሻቸውን ከክፍሌ ጠቅልለው ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ እንኖራለን፤ በግድግዳው ማዶ ሲንቀሳቀሱ እሰማቸዋለሁ። ጠዋት «እንደምን አደሩ» እላቸዋለሁ። ቆም ይላሉ፤ ከዚያ እርምጃቸው ይቀጥላል።