የበረዶው አውጫጭኝ

በረዶው የወረደ ዕለት ፍኖተ ሰላም አንድ ምግብ ቤት ተቀምጬ ጥብስ እበላ ነበር። የቤቱን ቆርቆሮ ጥቂት ደበደበና አለፈ፤ እኔም ጥብሴን ጨረስኩ። በማግስቱ አለቃዬ ከባሕር ዳር ደውሎ፣ ማንኩሳ አጠገብ የአንድ ቀበሌ በርበሬ እንዳለ መውደሙን ነገረኝና ሄጄ እንድዘግብ አዘዘኝ። አርሶ አደሩ ጉዳቱን ለመቋቋም ያሳየውን ቁርጠኝነት እንዳልረሳም አሳሰበኝ። በዚያ ዘመን ቁርጠኝነቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ለእኛ የሚቀረን አደጋውን ሄዶ ማየት ብቻ ነበር።

ያን ክረምት ኮሌጅ ገብቼ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ። ሰው ብቻውን ሲሆንና ሰው መሀል ሲሆን ሁለት ፍጡር እንደሆነ፣ ሌሎቹ የሚያደርጉትን እያየ እንደሚከተል፣ ለደረሰበት ነገር ሁሉ ተጠያቂ ካላገኘ እንቅልፍ እንደማይወስደው ተማርን። የመምህራችን ምሳሌዎች ግን በሙሉ ሊፍት ውስጥ የሚፈጸሙ ነበሩ። ሊፍቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ካዞሩ፣ አዲስ የገባውም ያዞራል። ፍኖተ ሰላም ያኔ ሊፍት ያለው ሕንፃ አልነበረም። ስለዚህ ትምህርቱ እኛን እንደማይመለከት ደምድሜ ፈተናዬን አለፍኩ።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ በረዶ የመታው በርበሬ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቅጠሉ ተበጣጥሷል፣ ፍሬው ጭቃው ላይ ተነጥፏል፣ ግንዱ ራቁቱን ቆሟል። ከማሳው ላይ ያጣሁት ሰው ነው። የአገሩ ወንድ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሾላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጉዳት የሚገምቱ መስሎኝ ተጠጋሁ። ለካ አውጫጭኝ ላይ ናቸው።

አውጫጭኝ የድሮ ሥርዓት ነው። ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ሰው አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። መንግሥት በተቀያየረ ቁጥር ሕጉ ተሽሯል፤ ሾላው ግን አልተቆረጠም። የዕለቱ ጥፋት በረዶው ነበር። በረዶ ደግሞ በዚያ አገር ዝም ብሎ አይወርድም። በረዶው ከመውረዱ አንድ ቀን በፊት የደብሩ ታቦት ወርኃዊ በዓል ነበረና፣ በዓሉን ሽሮ የሠራ ሰው መኖር አለበት። መኖሩ ብቻ ሳይሆን ማንነቱም እኔ ከመድረሴ በፊት ታውቋል።

ከወንዶቹ ራቅ ብላ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ የሞተባት ናት፤ በሬ የላትም። መሬቷ የሚታረሰውም፣ በርበሬዋ የሚለቀመውም በጎረቤት ደቦ ነው። በዓል ሽራለች ከተባለ ማንም ከደቦዋ አይገኝም። ያ ማለት መሬቷን ለሌላ ሰጥታ ፍኖተ ሰላም ገብታ ጠላ መጥመቅ ማለት ነው። ይህን የነገረኝ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ነው፤ እንደሚያሳዝንም ጨምሮ ነገረኝ። ታዲያ ለምን አትናገርም ብዬ በጆሮው ብጠይቀው፣ ሌላው ሁሉ ያመነበትን እሱ እንዴት ብሎ እንደሚቃወም ጠየቀኝ። ወዲያ ማዶ የተቀመጠውንም ጠየቅሁት። በተመሳሳይ ዓይነት ሹክሹክታ ተመሳሳይ መልስ ሰጠኝ። እዚህ ላይ ሊፍቱ ትዝ አለኝ።

ነገሩን የሚመሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። የሚሰማው ሁሉ ታይታለች፣ ተብሏል፣ ተሰምቷል ነው። እነዚህ ቃላት የእኔም ጋዜጣ የሚኖርባቸው ናቸው፤ ሆኖም የሌላ ሰው አፍ ላይ ሳገኛቸው ያሳክከኛል። ለዘገባዬ እንዲሆነኝ ማን እንዳያት ጠየቅሁ።

"አገር አያት" አሉ ሽማግሌው።

"አገር የት ቆሞ አያት?"

ሽማግሌው ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ከተማ የዋለ ልጅ ጥያቄው ብዙ ነው አሉ። የተሳቀው በእኔ ነው፤ ተሳቅቼ የማውቅ ሰው ስላልሆንኩ መልሱን ጠበቅሁ። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ተነሣ። እሱ በዓይኑ አይቷታል፤ ምስክርነቱም የተሟላ ነበር። ከማሳዋ ታችኛው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር፣ መኮትኮቻዋን ይዛ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ነበረች። ፈሪሃ እግዚአብሔር ድሮም አልፈጠረባትም አለ።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ለዘጋቢ በረከት ነው። እሱ ራሱ የት ሆኖ እንዳያት ብቻ ቀረኝና ጠየቅሁት።

"ከማሳዬ ዳር ነዋ።"

"ምን ሲሠሩ?"

ከብት ሊመልስ ወጥቶ ነበር። ከብቱ የት እንደነበር ስጠይቀው ወዲያ አለ፤ ወዲያ የሚለው የት እንደሆነ ስጠይቀው ግን እጁ ሁለት አቅጣጫ አሳየ። እኔ ልይዘው ብዬ አልነበረም። ቦታና ሰዓት የሌለው ዜና አለቃዬ ይመልስብኛል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"አንቱም አጎንብሰው ነበር እኮ። ቀና ቢሉ ኖሮ እንደምን ዋሉ እልዎት ነበር።"

ሰውዬው ጋቢውን አጣፋ፤ መልሶ ገለጠው። ዝናቡ ጊዜ ነሥቶት፣ አረሙ ውጦበት፣ ጥቂት ብቻ እንደነካካ ተናገረ። በትምህርታችን ውስጥ ይህም ነበረ። ሌላው ሲያጠፋ ጠባዩ ነው፤ እኛ ስናጠፋ ዝናቡ ነው። ሰውዬው ግን ብቻውን ሊቀር አልወደደም። አጠገቡ የተቀመጠውን በክርኑ ጎሸም አደረገና፣ "ይኼስ? ካፊያውን ያሳለፈው የእኔው የማሳ ጎጆ ገብቶ አይደለም? መኮትኮቻውን ደጅ አቁሞ" አለ። ያም የወንድሙን ልጅ አወጣ። የወንድሙ ልጅ አማቱን አወጣ። አማትየው ማንንም ሳያወጡ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ያን ቀን ወዴት ይሄዱ እንደነበር ብቻ ጠየቁ፤ ሽማግሌውም ጭራቸውን መመርመር ያዙ።

ቀስ በቀስ የወጣው እውነት ይህ ነው፦ በዚያ በዓል ቀን አገሩ በሙሉ በርበሬው ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ በየማሳው ተሸሽጎ፣ ካየው አንድ ጎረቤት በቀር ሌላው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ በዓሉን ሲያከብር እሱ የሾለከ መስሎት፣ ሲፈራና ሲኮተኩት ውሏል። ማንም ማንንም የማያምን ሆኖ ሳለ ሁሉም ሁሉንም ቅዱስ አድርጎ ነበር። ለዚህ የውጭ አገር ሊቃውንት ረጅም ስም አላቸው። እኛ ይሉኝታ እንላለን፤ አጭር ነው፤ ብዙ ሥራም ይሠራል። ከጉባኤው መሀል የተቀመጡት የደብሩ ቄስ በርበሬ በማን እንደተኮተኮተ አልተነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መኮትኮቱን ግን ስመጣ አይቼዋለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ከክሱ ይልቅ አስፈራኝ። አሁን በረዶው ያለ ጥፋተኛ ሊቀር ነው፤ ወይም ጥፋተኛው ሁሉም ሊሆን ነው፤ ሁለቱም ለአውጫጭኝ አይመቹም። እንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ የገባ ጉባኤ ከተተወ ተመልሶ ደካማውን ይይዛል፤ ጥቂቶችም ዓይናቸውን ወደ ድንጋዩ መመለስ ጀምረው ነበር። ሴትዮዋ ይህን አይታለች። ነጠላዋን አጠበቀች።

በመጨረሻ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለመሆኑ ደመናው በየት በኩል ነበር የመጣ?"

ከወንዙ ማዶ፣ አለ አንዱ። ከማዶ ነው እንጂ፣ አለ ሌላው። አገሩ ተንፈስ ሲል ተሰማኝ። ከወንዙ ማዶ ሌላ ደብር፣ ሌላ ሕዝብ አለ፤ ያ ሕዝብ በዓል እንደማያከብር፣ ሚዛን እንደሚሰርቅ፣ ሰርግ ጠርቶ ቀጭን ጠላ እንደሚያጠጣ ሁሉም በየተራ አስታወሰ። ከጥቂት ጊዜ በፊት እርስ በርስ ሲወጣጡ የነበሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተስማሙ። በዓይኔ አይቻታለሁ ያለው ባለ ጋቢ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር።

ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ከድንጋዩ ተነሥታ ወደ ሾላው ቀረበች።

"የማዶዎቹማ" አለች፣ "ያን ዕለት ሴትና ወንዱ ተሰልፎ ባቄላ ሲያርም እኔ ራሴ አይቻለሁ።"

ከየት ሆነሽ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከወንዙ ዳር ካለው ከማሳዋ ጫፍ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለዓመታት የሠራሁበት ሙያ ጠይቅ ጠይቅ አለኝ። ዋጥኩትና መቅረጸ ድምፄን አጠፋሁ። ሽማግሌው፣ አበጀሽ፣ ተጠጊና ተቀመጪ አሏት።

ከበረዶው የተረፈውን ኮትኩቶ የሚያነሣ ደቦ በየተራ እንዲወጣ ወዲያው ተቈረጠ፤ የሷ ማሳ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ገባ። ቀኑን የመረጡት ቄሱ ናቸው፤ በዓል እንዳይሆን በጣታቸው አንዴ ቆጠሩ፣ ደገሙት። ልሄድ ስነሣ ሽማግሌው ምን ብዬ ልጽፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። በረዶ ወረደ ብዬ፣ አልኳቸው። ይበቃል አሉ።

አለቃዬን አልበቃውም። ጋዜጣው ላይ የወጣው አርሶ አደሮቹ በጉዳዩ ላይ በስፋት ከመከሩ በኋላ በአንድ ድምፅ አቋም መያዛቸው ተገለጸ የሚል ነው። አንድም ቃል ስህተት የለበትም።

የደቦው ቀን ከቡሬ ስመለስ በዚያው አለፍኩ። ማሳዋ ከመንገዱ ይታያል። ሰው ሞልቶበታል፤ እየዘፈኑ ነው። ከሁሉ ፊት ቀድሞ የሚኮተኩተው ባለ ጋቢው ሰውዬ ነበር። እሷ ከኋላው ቆማ፣ የዘለለውን አረም በጣቷ እያመለከተች ታስመልሰዋለች።