መስመሩን ለማን እንደሰጠሁ

ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ቀበሌ ሄጄ ስጠብቅ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጅ «ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ልንሞላ ነው» አለች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እኔ ከወረፋው ወጥቼ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ሥራው ተስማምቶኝ ነበር፤ ከማገናኛው ሰሌዳ ጀርባ ሆኜ ገመድ ስሰካና ስነቅል የሚያየኝ የለም። አንድ ደንብ ነበረን። የሩቅ ጥሪ ስድስት ደቂቃ ሲሞላው መስመሩ ውስጥ ገብተን «ጨርሰዋል?» ብለን እንጠይቃለን፤ መልስ ከሌለ እንነቅላለን። ይህን ደንብ እንደ ጾም ነበር የምጠብቀው።

ሐምሌ ነበር። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ጣት ቆሎ መዝገን እስኪያቅተው ይደነዝዛል። ሸኖ አካባቢ ምሰሶ ወድቆ፣ ከአዲስ አበባ ጋር ከሚያገናኙን መስመሮች የቀረው አንድ ብቻ ነበር። አለቃዬም ለቅሶ ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ የአሊዩ አምባ ነጋዴ መጡ። ከቆላው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው፣ ጎረቤላ ከተማ አድረው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው የደረሱት። ልብሳቸው የበርበሬና የሎሚ ሽታ ነበረው። ልጃቸው ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አዲስ አበባ ካምፕ ውስጥ ነበር፤ ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ሊጫን ነው። ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ካምፑ ስልክ አጠገብ እንደሚጠብቃቸው በሰው መልእክት ልኮላቸዋል።

«ድምፁን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ልጄ» አሉኝ። «ወሬ አላበዛም። ነጋዴ ነኝ፣ ባጭር መጨረስ አውቃለሁ።»

ሰባት ተኩል ላይ እንደማገናኛቸው ነገርኳቸው። በመስኮቴ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የእርዳታ ቢሮ አዲስ አበባን ጠየቀኝ። አገናኘሁ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ መስመሩ ውስጥ ስገባ የሰው ድምፅ የለም፤ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ብቻ ነው። «ጨርሰዋል?» አልኩ። ያው ፉጨት። ነቀልኩ። ወዲያው እንደገና ጠየቁ። አዲስ አበባን መልሶ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር።

«ደብረ ብርሃን፣ ዛሬ ድመት ረግጣችሁ ነው እንዴ የምትደውሉት?» አለችኝ ፉጨቱን የሰማችው የአዲስ አበባዋ ኦፕሬተር።

አራት ጊዜ አገናኘሁ፣ አራት ጊዜ ጠየቅሁ፣ አራት ጊዜ ነቀልኩ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ፣ አዲስ አበባን ለአምስተኛ ጊዜ ገና እንዳገኘሁ፣ የእርዳታ ቢሮው ቴክኒሺያን ጌታሁን ዝናብ እያንጠባጠበ በጓሮ በር ወደ ሰሌዳው ክፍል ገባ።

«እህቴ፣ የምትነቅይው አንቺ ነሽ?»

«መልስ የሚሰጥ የለማ» አልኩ ቀና ሳልል።

«ማሽን ምን ብሎ ይመልስልሽ?» ሳቀ፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው።

የስልኩን እጀታ ሁለት የጎማ ጉድጓድ ባለው ዕቃ ላይ እንደሚያስተኙት፣ ፉጨቱ ዝርዝር እንደሆነ፣ የሰው ድምፅ ከገባበት ተበላሽቶ ከአንደኛው ስም እንደሚጀምር ነገረኝ። ከኮቱ ውስጥ ስስ ጥቁር ዲስክ አውጥቶ አሳየኝ።

«ይህቺ ያለባትን ሁሉ ለኮምፒዩተሩ ለማስረከብ አንድ ደቂቃ ይበቃታል። ጆንያውን ገልብጣ ነው የምታፈሰው። ስልኩ ግን በሰከንድ ሠላሳ ፊደል ነው፤ እየቆነጠረ ነው የሚያቀብለው። ግማሽ ሰዓት ብቻ አትንኪን።»

«ዲስኩን በአውቶቡስ ብትልኩትስ?»

«አውቶቡስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ዝርዝሩ እስከ ስምንት ካልደረሰ፣ እህል የጫኑት መኪኖች ወደ ሌላ አውራጃ ይዞራሉ።»

የማን ዝርዝር እንደሆነ ጠየቅሁት። ከአሊዩ አምባ በታች ያሉ፣ ዝናብ የከዳቸው የቆላ ገበሬዎች ነበሩ። ስምንት መቶ አባወራ።

ሰዓቱን አየሁ። ለወይዘሮ ዘይነባ ሦስት ደቂቃ ብሰጥ፣ መልሶ ማገናኘቱ ሲጨመርበት ዝርዝሩ አይደርስም። «ሂድና ጀምር» አልኩት።

ያኔ ወጥቼ ለሴትየዋ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። አፍሬ ቀረሁ። ወደ መስኮቱ መጡ።

«ልጄ፣ ሰባት ተኩል ሆነ።»

«መስመሩ ተይዟል» አልኩ።

ሦስት ጊዜ ተነሥተው መጡ፤ ሦስት ጊዜ ይህንኑ አልኳቸው። በሦስተኛው አልተቀመጡም፤ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፉጨቱን እሰማለሁ። በሠላሳ ፊደል ሳሰላው፣ በየሁለት ሰከንዱ አንድ አባወራ ከነአባቱ ስም ያልፋል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ለስምንት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፉጨቱ ቆመ። ካምፑን ሳገኝ ስምንት ሰዓት አልፏል። አንድ ሻካራ ድምፅ «ተጭነው ወጥተዋል» ብሎ ዘጋ።

ከሰሌዳው ጀርባ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዝርዝሩም፣ አራት ጊዜ ስለመንቀሌም ነገርኳቸው። ያን ደንብ ባልጠብቅ ኖሮ ዝርዝሩ ከሰባት ሰዓት በፊት አልቆ፣ እሳቸውም ከልጃቸው ጋር ተነጋግረው ይሄዱ ነበር።

እህሉ መድረሱን በኋላ ሰማሁ። ሰይድ ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ አሊዩ አምባም ወርጄ ለመጠየቅ አንድም ቀን አልደፈርኩም። አሁን ሰው ፊት መናገር አይከብደኝም፣ እድሜ ያንን ወስዶልኛል። ጥፋቴን ከእህሉ ጋር እያስተያየሁ መመዘን ግን አልተወኝም፤ ሚዛኑም አንድ ቀን ቀጥ ብሎልኝ አያውቅም። ደክሞኛል። ያን ቀን ሴትየዋ ሰምተው ሲጨርሱ አላለቀሱም። ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ፣ ዝናቡን አዩ፣ በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ።

«ስለ እህሉ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። «ስለ ሰይድ ግን አውፍ ብዬ ይቅር አላልኩሽም።»